ክንድ ከስንዝር

ሙያዬ ቅየሳ፣ እንጀራዬ ሜትር፤
አሥራ ስድስት ዓመት የሰው መሬት ስሰፍር፣
ችካል ስተክል ውዬ፣ ካርታ ስነድፍ ሳድር፣
"የኔ" ብዬ የምቆልፈው አልነበረኝም በር።

አዲስ አበባ ላይ ደሞዜ ሲገባ
አከራዬ ቀድሞኝ ያውቃል፤ ወሩ ሳይጠባ
በሬን ይቆረቁራል።
የተረፈኝን ብቆጥር፣ ለታክሲ ይሆንና ለሽሮ አይበቃም፤
ጥርስ ነክሶ መኖር ጥርስ ይጨርሳል እንጂ ቤት አያሲዝም።

"ደሴ ቤት ርካሽ ነው" አለኝ አንድ ወዳጄ፤
ዝውውር ጻፍኩና፣ ሻንጣና ሜትሬን በእጄ፣
ፍራሼን ካውቶቡስ አናት ላይ አስይዤ
ሐረጎን ሽቅብ ወጣሁ፣ በጉም ውስጥ ተጉዤ።

ደላላው ይማም ነው።
ስልኩ ሁለት፣ ጃንጥላው ሰባራ፣ ተስፋው ግን ሙሉ ነው።
"አብሽሪ" ይለኛል፤ "እዚህ አገር ቤት በያይነቱ ነው።"

በያይነቱ ነበር።
የሆጤው ከፎቅ ሥር፤ መስኮት አለው መስኮት፣
ከፍተሽ ብታዪበት ግንብ ነው ፊት ለፊት።
የሮቢቱ ሰፊ ነው፤ ውሃው ግን በስምንት ቀን፣
"እሱም ደስ ካለው ነው" አለች ጎረቤት፣ ይማም ሳይደብቃት እውነቱን።
ቁርቁር ላይ ባለቤቱ ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ፦
"ባልሽስ?"
"የለኝም።"
"ልጅስ?"
"የለኝም።"
"እንግዲህ..." ብለው በሩን ገፋ አደረጉብኝ፣
ባል እንደ መታወቂያ ኮፒ ተነሥቶ
ከውሉ ጋር የሚያያዝ ይመስል።
ሳላይሽ ከሚሉት ሰፈር አንዲት ክፍል ነበረች፤
እኔ ታክሲ ስጠብቅ እሷ ተያዘች።
ስሟም ነገር ያውቃል። ሳላይሽ ቀረሁ።

በአራተኛው ቀን ዝናቡ ሲያባራ
ይማም ጃንጥላውን አጥፎ፣ ዓይኑን ወደ ጦሳ ሰደደና፦
"አንዲት ቤት አለች" አለ፤
"ሴትዮዋ ብር አይመርጡም፣ ሰው ነው የሚመርጡ። እሱ ነው ጭንቁ።"

ከቧንቧ ውሃ ቁልቁል፣ ከቆርቆሮ በር ጀርባ፣
አንድ መኝታ፣ ጠባብ ሳሎን፤ ግድግዳዋ ብጫ፣ የሰው ሚስማር ያልነቀላት፤
በመስኮቷ በኩል ጦሳ ጉሙን ያወልቃል፣ መልሶ ይደርባል።
ወይዘሮ ዘምዘም ተሰማ ሻሻቸውን አጠበቁ።
"ሥራሽስ ምንድነው?"
"ቀያሽ ነኝ።"
"ምነዋ ቶሎ ብትመጪ! ቀብዱ ይቆይ፤ በፊት ግቢዬን ለኪልኝ።"

ካርታቸው ከሣጥን ወጣ፣ በሦስት ፌስታል ተጠቅልሎ፤
ይማም የሜትሩን ጫፍ ያዘ፣ እንደ ሙሽራ ቀሚስ ከጭቃ ከፍ አድርጎ።
ለካሁ። ደግሜ ለካሁ።
የምከራያት ክፍል፣ በኋላ ግድግዳዋ፣
ክንድ ከስንዝር አልፋ ጎረቤት ገብታለች፤
ያቶ መንበሩን መሬት ጀርባዋ ተደግፋለች።

አራት ቀን በጭቃ የለፋው እግሬ "ዝም በይ" አለኝ፤
ሜትሩ ግን በእጄ ላይ አልታጠፍ አለኝ።
"እትዬ፣ እውነቱን ልንገርዎት ወይስ ቤቱን ልከራይ?"

"ሁለቱንም" አሉ፣ ሳቃቸው ሳል ቀላቅሎ።
"ግንቡ በተናደበት ክረምት ድንጋይ ያቀበለኝ መንበሩ ነው፤
'ወደኔ ገፋ አርጊው፣ ያንቺ በኩል አፈሩ ልል ነው' አለ።
እኔና እሱ እናውቃለን። ስንት እንደሆን ግን የለካው የለም።
እኛ ስናልፍ ልጆች ተጣልተው ፍርድ ቤት እንዳይውሉ፣
ጻፊልኝ፤ ክንዱንም፣ ስንዝሩንም።"

ጻፍኩ። አቶ መንበሩ ካጥር ማዶ መነጽር ፈልገው ፈረሙ።
ኪራዩን ስንነጋገር ይማም ፊቱን አዞረ፤
ካዲስ አበባው ሲሶ ነው። ኮሚሽኑ ነው የከበረ።

ማታ ፍራሼን ዘረጋሁ።
ራሴ ባቶ መንበሩ፣ እግሬ በወይዘሮ ዘምዘም መሬት፤
ሜትሬን ሚስማሩ ላይ ሰቀልኩት።
ይህን ያህል አገር ለክቼ
የራሴን ክፍል እስካሁን አለካሁም።
ነገ ውሃ ይመጣል ብለዋል።
ጀሪካን ልግዛ።